ከማረፊያው በር ጀምሮ፦ በምዕራብ ዊልትሸር ምን ይታያል፣ ምን ይታለፋል

የእንግሊዝ የገጠር ማረፊያ በአልጋው ብቻ ከተመዘነ ብዙውን ጊዜ ዋጋውን አያወጣም። ክፍሉ ጠባብ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ የወለሉ ሳንቃ በተረገጠ ቁጥር ሲጢጥ የሚል፣ ደረጃው ሻንጣ ለያዘ ሰው የማይመች ነው፤ የአንድ ሌሊት ሒሳቡ ደግሞ በከተማ ካለ ዘመናዊ ሆቴል የሚያንስ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በዊልትሸር ግዛት፣ ከቺፐንሃም ከተማ በስተምዕራብ ባለ ሸለቆ ውስጥ የሚገኘው ይህ ግምገማ የሚመለከተው ማረፊያም ከዚህ የተለየ አይደለም። ከታች ፐብ (የአገሩ መጠጥ ቤት) እና ምግብ ቤት፣ ከላይ ጥቂት መኝታ ክፍሎች ያሉት የድንጋይ ቤት ነው። እንዲያም ሆኖ እዚያ ማደር ያዋጣል እላለሁ፤ የሚያዋጣው ግን ከበሩ ወጥቶ በእግር፣ በባቡርና በአጭር የመኪና ጉዞ የሚደርስባቸውን ስፍራዎች በወጉ ለመረጠ እንግዳ ነው። ቀኑን ሙሉ በመኪና ሲዞር ውሎ ለመኝታ ብቻ የሚመለስ ሰው በአውራ ጎዳና ዳር ካሉት ርካሽ ሆቴሎች በአንዱ ቢያድር ይሻለዋል።

በየክፍሉ ጠረጴዛ ላይ በአካባቢው ምን ማየትና ማድረግ እንደሚቻል የሚዘረዝር ማኅደር ተቀምጧል። የማረፊያው ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው። ማኅደሩ በሚያማምሩ ፎቶግራፎች የተሞላ ቢሆንም ስለ ርቀት፣ ስለ መክፈቻ ቀንና ሰዓት፣ ያለ መኪና መድረስ ይቻል እንደሆነ የሚናገረው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ስቶንሄንጅ የተባለው ጥንታዊ የድንጋይ ክብ “በአቅራቢያችን” በሚል ርእስ መጀመሪያ ገጽ ላይ ሰፍሯል፤ እውነቱ ግን መንገዱ ካልተጨናነቀ እንኳ የአንድ ሰዓት ያህል የመኪና ጉዞ መሆኑ ነው። በአንጻሩ ከማረፊያው ጓሮ የሚነሣው የእግር መንገድ በመጨረሻው ገጽ ላይ በአንድ መስመር ብቻ ታልፏል። ደግነቱ ማኅደሩ የሸሸገውን ሠራተኞቹ ያውቁታል። ባንኮኒው ጀርባ የምትሠራውን ሴት የት እንሂድ ብለው ቢጠይቋት የቢራ ብርጭቆ የሚቀመጥበትን ክብ ካርቶን ገልብጣ ወንዙን፣ ድልድዩን፣ ላም የሚሰማራበትን ማሳና ጭቃ የሚበዛበትን መታጠፊያ ሳይቀር በእስክሪብቶ ትስላለች። የማረፊያው ባለቤት ያንን ካርቶን አባዝቶ በማኅደሩ ቦታ ቢያስቀምጠው ለእንግዶቹ ትልቅ ውለታ በዋለ ነበር።

ስለዚህ ከእግር መንገዱ ልጀምር። በእንግሊዝና በዌልስ የገበሬን ማሳ፣ የግጦሽ መስክንና አንዳንዴም የሰው ግቢን ጭምር አቋርጠው የሚያልፉ፣ ማንም ሰው ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ የመሄድ ሕጋዊ መብት ያለባቸው መንገዶች አሉ፤ ጠቅላላ ርዝመታቸው ከ200 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቢጫ ቀስት ያለበት ምልክት ለእግረኛ ብቻ የተፈቀደውን፣ ሰማያዊው ደግሞ ፈረስና ብስክሌትም የሚያልፍበትን ያመለክታል። አጥር ሲያጋጥም ወይ ከእንጨት የተሠራ መሻገሪያ እርከን፣ ወይ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍና ከብት የማያስወጣ ተወዛዋዥ በር ይገኛል። በሩን እንደነበረ ዘግቶ መሄድ ግዴታ ነው፤ የገበሬውን ቁጣ እንደዚህ ፈጥኖ የሚያመጣ ሌላ ጥፋት የለም። በጸደይ ወራት ጥጃ የያዙ ላሞች ባሉበት መስክ ሲያልፉ ራቅ ብሎ መዞር ይገባል፤ ውሻ ያስከተለ ሰው ደግሞ ላሞቹ ከመጡበት ማሰሪያውን እንዲለቅ ይመከራል፣ ላሞቹ የሚከተሉት ውሻውን ነውና። በስልክ ካርታ ላይ ብቻ መተማመን አያዋጣም፤ ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ የሚቆራረጥበት ቦታ ብዙ ነው። የአገሩ የካርታ ሥራ ድርጅት ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚያሳትመው፣ ብርቱካንማ ሽፋን ያለው የ1፡25,000 ካርታ የሕዝብ መንገዶቹን ሁሉ በአረንጓዴ ነጠብጣብ መስመር ያሳያል፤ ለዚህ አካባቢ የሚያስፈልገው ቁጥር 156 ነው። ማረፊያው አንድ ቅጂ ለእንግዶች ያውሳል፤ የተጣጠፈበት ቦታ ተበልቶ ሊቀደድ ደርሷል እንጂ ይሠራል።

ከማረፊያው የሚነሣው መንገድ ባይብሩክ የተባለችውን ትንሽ ወንዝ ተከትሎ ወደ ካሰል ኩም መንደር ይወስዳል። በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት መጀመሪያ ጫካው ሥር ያለው መሬት በሰማያዊ አበባ ይሸፈናል፤ ውሃው ዳር ደግሞ ቅጠሉ ሰፊ የሆነ የዱር ነጭ ሽንኩርት ይበቅላልና ገና ሳይታይ ከሽታው ይታወቃል። መንገዱ የሚያደክም አቀበት የለውም፤ ጭቃው ግን እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስበት ጊዜ አለ፤ በስኒከር ለመሄድ የሚያስብ ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ ይሻላል። ማረፊያው በኋላ በር መግቢያ ላይ የጫማ መፋቂያ ብረት፣ አሮጌ ጋዜጣና የጫማ መደርደሪያ ማዘጋጀቱ የሚያስመሰግነው ነው፤ ማታ የተቀመጠ ቡት ጠዋት በማሞቂያው አጠገብ ደርቆ ይገኛል።

ካሰል ኩም ማር በሚመስል ብጫ ድንጋይ የተሠሩ ቤቶች፣ በመሐሉ ጣሪያ ያለው የቆየ የገበያ መስቀል፣ ከታች በኩል ባለ ቅስት የድንጋይ ድልድይ ያሉት መንደር ነው። መንደሩን በመካከለኛው ዘመን ያበለጸገው የሱፍ ጨርቅ ሥራ ነበር፤ ሥራው ሲቀዘቅዝ አዲስ ቤት የሚሠራ ባለመኖሩ አሮጌዎቹ እንደነበሩ ቆዩ። የዛሬው ውበቱ የድህነቱ ውጤት መሆኑን የሚነግር ጽሑፍ ግን የትም አይታይም። በቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገጽም ቆጣሪም የሌለው ጥንታዊ ሰዓት አለ፤ ሰዓቱ የሚታይ ሳይሆን የሚሰማ ነው፣ ደወል በመምታት ብቻ ጊዜን ይናገራል። ጥርስ ያላቸው የብረት ጎማዎቹን ቀረብ ብሎ ሲሠሩ ማየት ይቻላልና ድልድዩ ላይ ፎቶ ለመነሣት ብቻ መጥተው የሚመለሱት ጎብኚዎች ብዙ ነገር ያመልጣቸዋል። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ አውቶቡሶች ሰው ማራገፍ ይጀምራሉ። (ሰዓቱን ሁሉ የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።) በእግር የሚመጣ የማረፊያው እንግዳ ግን ከቁርስ በፊት ደርሶ መንደሩን ባዶውን ሊያየው ይችላል፤ በአካባቢው የማደር ትልቁ ጥቅም ይኸው ይመስለኛል። ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች መሆናቸውን ዘንግቶ በመስኮት ወደ ውስጥ የሚያይ ጎብኚ ግን በማንኛውም ሰዓት ነውረኛ ነው።

ለመመለስ ሌላ መንገድ ለሚፈልግ ከመንደሩ በስተምዕራብ በኩል ፎስ ዌይ አለ። ሮማውያን ከኤክሰተር እስከ ሊንከን የዘረጉት ይህ ጎዳና በዚህ አካባቢ በአብዛኛው አስፋልት ያልለበሰ፣ በሁለት ወገን ቁጥቋጦ የታጠረ፣ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ያለ የገጠር መንገድ ነው።

ከእግር ጉዞ የሚመለስ ሰው መራቡ አይቀርምና ስለ ወጥ ቤቱ ሰዓት አስቀድሞ ማወቅ አለበት። እንደ ብዙዎቹ የገጠር ፐቦች ሁሉ እዚህም የምሳ ትእዛዝ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ይቆማል፤ እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ከድንች ጥብስ ከረጢትና ከኦቾሎኒ በቀር የሚቀመስ አይገኝም። መጠጡ ቀኑን ሙሉ ይሸጣል፣ ምግቡ ግን አይሸጥም፤ ይህን ባለማወቅ በዘጠኝ ሰዓት ተርቦ የሚገባ እንግዳ በየቀኑ አለ። ትእዛዝ የሚሰጠውም ሒሳብ የሚከፈለውም ባንኮኒው ላይ ሲሆን የተሰለፈ ሰው ባይታይም ማን ቀድሞ እንደመጣ ሠራተኞቹም ደንበኞቹም ልብ ይላሉ። ባንኮኒ ላይ ጉርሻ መስጠት አይጠበቅም። የእሑድ ምሳ በብዛት የሚቀርበው የበሬ ጥብስ፣ በምድጃ የተጋገረ ድንች፣ አትክልትና ዮርክሸር ፑዲንግ (ከዱቄት፣ ከእንቁላልና ከወተት የሚጋገር) ያለበት ገበታ ነውና ቀደም ብሎ ጠረጴዛ መያዝ ያስፈልጋል፤ እሑድ ማታ ደግሞ ወጥ ቤቱ ዝግ ነው።

ለጾመኛ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። “ቬጀቴሪያን” ተብሎ የተጻፈው ምግብ ሥጋ የሌለው ይሁን እንጂ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል አያጣውም፤ መፈለግ ያለበት “ቪጋን” የሚለው ምልክት ነው። አንዳንድ ቤቶች ድንቹን የሚጠብሱት በበሬ ሞራ ነውና ይህንንም መጠየቅ አይከፋም። እዚህ ያለው አብሳይ ሲጠየቅ አልተሰላቸም፤ ያቀረበው የምስርና የእንጉዳይ ምግብ ግን ጨውም ቅመምም የረሳው ነበር።

በመኪና ሩብ ሰዓት ያህል የምትርቀው ሌኮክ ከአካባቢው ስፍራዎች ሁሉ ጊዜ ሊሰጣት የሚገባት ናት። መንደሯና ገዳሟ እ.ኤ.አ. በ1944 ከታልቦት ቤተሰብ ለናሽናል ትረስት ተሰጥተዋል፤ ናሽናል ትረስት እ.ኤ.አ. በ1895 የተቋቋመ፣ ታሪካዊ ቤቶችንና መሬቶችን ገዝቶም ተቀብሎም ለሕዝብ የሚጠብቅ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። በጎዳናው ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ አይታይም፣ የቴሌቪዥን አንቴና የለም፤ ቤቶቹ ተከራይ ያለባቸው መኖሪያዎች ናቸው። በመንደሩ መዘዋወር በነጻ ነው፣ ገዳሙን ለማየት ግን ይከፈላል። ገዳሙን እ.ኤ.አ. በ1232 የመሠረተችው የሶልስበሪዋ መስፍን እመቤት ኢላ ስትሆን የመነኮሳይያት ገዳምነቱ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሡ ገዳማትን ሲዘጋ አብቅቶ ሕንጻው የመኳንንት መኖሪያ ሆነ። ቅስት በቅስት የተሠራው የገዳሙ መመላለሻ ለዓይን ደስ ይላል።

ሆኖም ሌኮክን ከሌሎች ያማሩ ገዳማት የሚለያት አንዲት ትንሽ መስኮት ናት። ዊሊያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት የተባለው የቤቱ ባለቤት እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1835 በደቡብ በኩል ባለው አዳራሽ ውስጥ ያለችውን ይህችን መስኮት ለካሜራነት ከሚጠቀምባቸው ጥቃቅን የእንጨት ሣጥኖች በአንዱ፣ በብር ጨው በተቀባ ወረቀት ላይ አስቀረጻት። ሣጥኖቹ በየቦታው ተቀምጠው የምታያቸው ባለቤቱ ኮንስታንስ የአይጥ ወጥመድ እያለች ትጠራቸው ነበር። ከዚያ የተገኘው፣ ከፖስታ ቴምብር ብዙም የማይበልጠው ወረቀት ዛሬ በዓለም ላይ ከቀሩት በካሜራ የተነሡ ኔጌቲቮች (ብርሃንና ጥላቸው የተገለበጠ ምስሎች) ሁሉ ቀዳሚው ነው። ታልቦት በዚያው ገጽ ላይ በእጅ ጽሑፉ፣ ምስሉ ገና በተሠራ ጊዜ 200 ያህል የሚሆኑት የመስኮቷ መስታወቶች በማጉያ መነጽር ሊቆጠሩ ይችሉ እንደነበር አስታውሷል። መስኮቷ ዛሬም እዚያው ናት፤ ከፊቷ ቆሞ በእጁ ባለው ስልክ ፎቶ የማያነሣ ጎብኚ አላየሁም። መስታወቶቹን ለመቁጠር የሚሞክር ሰውም እምብዛም አይገኝም፤ ለልጆች ጥሩ ሥራ ይሆን ነበር። በገዳሙ መግቢያ ላይ ያለው ስለ ታልቦትና ስለ ፎቶግራፍ ታሪክ የሚያስረዳው ሙዚየም ትንሽ ነውና ከገዳሙ በፊት ቢታይ ይመረጣል፤ መስኮቷ ጋ ሲደረስ የሚታየው ነገር ምን እንደሆነ ይገባል።

ወደ ባዝ ከተማ ለመሄድ መኪና ይዞ መግባት ትርፉ ማቆሚያ ፍለጋ ነው። ከቺፐንሃም የሚነሣው ባቡር ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ያደርሳል፤ በመንገዱም ላይ ኢንጂነር ኢዛምባርድ ብሩኔል የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1841 የተከፈተውና 3 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የቦክስ ዋሻ ይታለፋል። ማኅደሩ ስለ ባዝ የሮማውያንን መታጠቢያ፣ ጨረቃ ቅርጽ ያለውን ባለ 30 ቤት ሮያል ክሬሰንትና የገበያ ጎዳናዎቹን ይዘረዝራል። መታጠቢያው መታየት አለበት። ከመሬት ውስጥ በ46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት የሚፈልቀው ውሃ በየቀኑ ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ነው፤ ሮማውያን በእርሳስ ያነጠፉት ትልቁ ገንዳ ዛሬም ውሃውን ይዞ አለ። በዚያ መዋኘት ክልክል ነው፤ ውሃው ግን ጎን ካለው አዳራሽ ይቀመሳል፣ ጣዕሙም ብረት ብረት ይላል። መግቢያው በብዙ ቀናት ከ20 ፓውንድ የሚያልፍ በመሆኑ ከቸኮሉ ባይገቡ ይሻላል።

ማኅደሩ ጨርሶ የዘነጋው፣ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ስፍራ ፌርፊልድ ሐውስ ነው። ከባዝ መሐል ከተማ በስተምዕራብ፣ ኒውብሪጅ በተባለው ሰፈር፣ ኬልስተን በተባለው መንገድ ላይ የሚገኘው ይህ ቤት አፄ ኃይለ ሥላሴ ከ1928 እስከ 1932 ዓ.ም. በስደት የኖሩበት ነው። ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘች በኋላ በኢየሩሳሌም በኩል አልፈው፣ በጄኔቫ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. አቤቱታቸውን አሰምተው ወደ ባዝ የመጡት ለአጭር ዕረፍት ነበር፤ ከተማዪቱ ተስማማቻቸውና ቤቱን ገዙት። ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት የምቾት አልነበሩም። የገንዘብ እጥረት ነበረባቸው፣ የብር ዕቃቸውንም እስከ መሸጥ ደርሰዋል፤ እቴጌ መነን የእንግሊዝ ቅዝቃዜ አልስማማ ብሏቸው ብዙውን ጊዜ በኢየሩሳሌም መቀመጥን መርጠዋል። የሕይወት ታሪካቸውን የመጀመሪያ ክፍል ንጉሠ ነገሥቱ ያዘጋጁት በዚሁ የስደት ጊዜ ነው። በ1932 ዓ.ም. ጣሊያን በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ስታውጅ ወደ ካርቱም ሄዱ፤ በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ቤቱን ግን አልሸጡትም፤ እ.ኤ.አ. በ1958 የአረጋውያን መጠለያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ በስጦታ ሰጡ።

ዛሬም ቤቱ የአረጋውያን መሰብሰቢያ ሆኖ ያገለግላል፤ ከካሪቢያንና ከእስያ መጥተው በከተማው የሸመገሉ ሰዎች የሚበሉበትና የሚጫወቱበት ነው። ከሙዚየም የሚጠበቀው ዓይነት የተደራጀ ትርኢት አይጠበቅ። ከቢጫ የባዝ ድንጋይ የተሠራ፣ ፊቱ ሰፊ መስክ ያለው ባለ ፎቅ ቤት ነው፤ የሚታዩት ፎቶግራፎችና ለንጉሠ ነገሥቱ መታሰቢያ የተቀመጡ ዕቃዎች ጥቂት ናቸው። የሚያስጎበኙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ጎብኚው ከኢትዮጵያ የመጣ መሆኑን ሲሰሙ ያልተጠየቁትን ክፍል ሁሉ ይከፍታሉ፣ ደጋግመውም ጥያቄ ይጠይቃሉ። ራስተፈሪያውያን ከሩቅ አገር እየመጡ የሚሳለሙትም ቤት በመሆኑ በጉብኝት ቀን ከእነርሱ ጋር መገናኘት የተለመደ ነው። በሳምንት የተወሰነ ጊዜ ብቻ ስለሚከፈት ቀኑን አስቀድሞ ማረጋገጥና የማረፊያውን ቆይታ ከዚያ ጋር ማስማማት ያስፈልጋል። በአንድ ቀን ከመታጠቢያው ጋር ማየት ይቻላል፤ አንዱን ብቻ ምረጥ የሚለኝ ካለ ግን ሳላመነታ ወደ ኒውብሪጅ ነው የምልከው።

አሁን ወደ ስቶንሄንጅ ልመለስ። ድንጋዮቹ ታላቅ ናቸው፣ አይካድም። ነገር ግን የቅድሚያ ትኬት መቁረጥ፣ ከጎብኚዎች ማዕከል 2 ኪሎ ሜትር ያህል በአመላላሽ አውቶቡስ መሄድ፣ ከዚያም በገመድ ከተከለለ መንገድ ላይ ሆኖ ከርቀት ማየት ነው ያለው። ከማረፊያው ወደ ምሥራቅ የግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ የሆነው ኤቭበሪ ግን ገመድ የለውም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2850 እና በ2200 መካከል የተሠራው ይህ የድንጋይ ክብ በስፋቱ ከዓለም አንደኛ ነው፤ ከመስፋቱ የተነሣ ግማሽ መንደር፣ አስፋልት መንገድና አንድ ፐብ በውስጡ ይገኛሉ። ድንጋዮቹን መዳሰስ፣ መደገፍ፣ ጥላቸው ሥር ተቀምጦ የቋጠሩትን ምሳ መብላት ይፈቀዳል። በዙሪያው ያለውን ገደል የሚያህል ቦይ ሠራተኞቹ የቆፈሩት በአጋዘን ቀንድ ነው፤ ዛሬ አፈር ሞልቶት እንኳ ከውስጡ ሲያዩት ጠርዙ ከራስ በላይ ይርቃል።

የኤቭበሪን ታሪክ ማራኪ የሚያደርገው ድንጋዮቹ መቆማቸው ብቻ ሳይሆን መውደቃቸውም ነው። በመካከለኛው ዘመን የመንደሩ ሰዎች ብዙዎቹን ጥለው ቀበሯቸው፤ በኋላ ደግሞ በእሳት አግለው ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሱ እየሰነጠቁ ለቤት መሥሪያ አዋሏቸው። በማርማላታ ንግድ ከበለጸገ ቤተሰብ የተወለደው አሌክሳንደር ኬይለር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ቦታውን ገዝቶ የተቀበሩትን እያወጣ መልሶ አቆማቸው፤ ጠፍተው በቀሩት ቦታ ትንንሽ የሲሚንቶ ምሰሶ ተከለ። እ.ኤ.አ. በ1938 ከአንዱ የወደቀ ድንጋይ ሥር የአንድ ሰው አጽም ተገኘ፤ አብረውት መቀስ፣ ለቀዶ ሕክምና የሚሆን የሾለ መሣሪያና በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተመቱ ሳንቲሞች ነበሩ። በመንደር መንደር እየዞረ ጸጉር የሚቆርጥና ቁስል የሚያክም ሰው ሳይሆን እንዳልቀረ ተገመተ፤ ድንጋዩም እስከ ዛሬ የባለ መቀሱ ድንጋይ ተብሎ ይታወቃል።

ኤቭበሪ ድረስ የሄደ ሰው በዚያው ሲልበሪ ኮረብታንና የዌስት ኬኔትን ረጅም መቃብር ሳያይ መመለስ የለበትም። ሲልበሪ 30 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ ከ4,400 ዓመታት በፊት ሰው በእጁ የከመረው ኮረብታ ነው፤ ለምን እንደተሠራ የሚያሳምን መልስ የሰጠ የለም፣ መውጣትም ክልክል ነው። መቃብሩ ከዚህም ይቀድማል። ከመንገዱ በማሳ መሐል ጥቂት ደቂቃ ሽቅብ በመሄድ ይደረስበታል፤ በር ጠባቂ የለውም፣ ክፍያ የለውም፣ እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ በእግር ይገባል። የእጅ ባትሪ መያዝ ይጠቅማል፤ ዝናብ በዘነበ ማግስት ወለሉ ውሃ ይቋጥራል።

የቀሩትን በአጭሩ ላንሣ። በዲቫይዚስ ከተማ ጥግ ያለው የኬን ሂል የካናል (ለጀልባ የተቆፈረ ቦይ) ደረጃ ለኢንጂነር ልብ የተሠራ ነው፤ በ29 የውሃ በሮች ጀልባ 72 ሜትር ሽቅብ ትወጣለች፣ ለመጨረስም ከአምስት ሰዓት በላይ ይፈጅባታል። አሥራ ስድስቱ በሮች በአንድ ቁልቁለት ላይ ተደርድረው ከታች ሲታዩ ያስደንቃሉ፤ አንድ ጀልባ አንድ በር ስታልፍ ቆሞ ካዩ በኋላ ግን የቀሩት ሃያ ስምንቱ ያው ናቸው። ብራድፎርድ ኦን ኤቨን በአንግሎ ሳክሶን ዘመን የተሠራች ጠባብና ከፍ ያለች ቤተ ክርስቲያንና የ14ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ ጎተራ አላት፤ ሁለቱም በነጻ ይታያሉ፣ የጎተራው የእንጨት ጣሪያ ውስብስብነት አንገት እስኪያም ቀና ያስብላል። ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ 2,500 ያህል የዛፍ ዓይነቶች ያሉበት ዌስተንበርት ደግሞ የጥቅምት ወር ቦታ ነው፤ የጃፓን ሜፕል ቅጠሎች ሲቀሉ ቅዳሜና እሑድ የመኪናው ሰልፍ አውራ ጎዳናው ላይ ይደርሳልና በሥራ ቀን ይሂዱ። በቀሩት ወራት ግን እዚያ ድረስ ለመሄድ የሚያበቃ ምክንያት አላየሁበትም።

የጉዞ ወቅት ሲመረጥ ከዝናቡ ይልቅ የብርሃኑ ነገር ይታሰብ። በሰኔ አጋማሽ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ድረስ ያለ ባትሪ መሄድ ይቻላል፤ በታኅሣሥ ግን ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይጨልማል፣ ብዙዎቹ ስፍራዎችም ከዚያ ቀድመው ይዘጋሉ። በእነዚህ የብርድ ወራት የሚመጣ እንግዳ የቀኑን ዕቅድ ወደ አንድ ስፍራ ዝቅ አድርጎ ቀሪውን ጊዜ ምድጃው አጠገብ ቢያሳልፍ አይጸጸትም፤ ማረፊያው እንጨቱን አይሰስትም። መኪና የሚከራይ ሰው የገጠሩ መንገድ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍና በሁለት ወገን በረጅም ቁጥቋጦ የታጠረ መሆኑን ይወቅ፤ ከፊት ሌላ መኪና ሲመጣ ወደ ሰፋ ያለ ቦታ ወደ ኋላ መመለስ ለቀረበው ነው፣ እጅ አንሥቶ ማመስገንም ግዴታ ነው ማለት ይቻላል።

ያለ መኪና የሚመጣ እንግዳም አይቸገርም፤ ከለንደን ፓዲንግተን እስከ ቺፐንሃም ባቡሩ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ችግሩ ከጣቢያው ወዲህ ያለው መንገድ ነው። አውቶቡሱ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ይመላለሳል፣ እሑድ ደግሞ ጨርሶ ላይመጣ ይችላል። ታክሲ አለ፤ ይሁን እንጂ ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት በሚገቡበትና ከሰዓት በኋላ በሚወጡበት ሰዓት የገጠር ታክሲዎች ሁሉ በትምህርት ቤት ሥራ የተያዙ ናቸው። የመመለሻ ቀን ባቡር የሚይዝ ሰው ታክሲውን ከዋዜማው ማታ ለባንኮኒው ሠራተኞች ነግሮ ያስይዝ፤ ክፍሉን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ቢለቅም ሻንጣውን ያለ ክፍያ እስከ ማታ ያስቀምጡለታል።